ከማዶ የተሰካችው መርፌ

ሰው በሰው ይቀናል፣ በቤት ይቀናል፣ በላም ይቀናል። እኔ የቀናሁት በብርድ ልብስ ነው።

ልጄ በተዳረች ሰሞን ልጠይቃት ሄድኩ። የባሏ ቤት ከአሶሳ በባምባሲ መውጫ በኩል ነው፤ ከኔ ቤት በባጃጅ ብዙም አያስኬድም። ገና ነጠላዬን ሳላወርድ «እማ፣ ነይ እዪልኝ» ብላ እጄን ይዛ መኝታ ቤቷ አስገባችኝ። አልጋው ላይ ልሓፍ ተነጥፎ ነበር። ልሓፍ ማለት ከላይና ከታች ጨርቅ ያለው፣ በመካከሉ የተባዘተ ጥጥ የገባበት፣ ድርቡ እንዳይላቀቅ ከዳር እስከ ዳር በእጅ የተሰፋ ብርድ ልብስ ነው። ስሙ ከአረብኛ የመጣ ነው፤ የልጄ ባል ወገኖች በርታዎች ስለሆኑ ብዙ ዕቃ በአረብኛ ይጠራሉ። ጎንበስ ብዬ ስፌቱን አየሁት። ሰሊጥ በመስመር የተደረደረ ይመስላል። አንዱ ከሌላው አይበልጥም፣ አያንስም፣ መስመሩም ዝንፍ አይልም።

«ማን ሰፋው?» አልኳት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«አማቴ ናታ! በእጇ እኮ ነው እማ፤ ማሽን የሚባል አልነካውም» አለችኝና ብርድ ልብሱን በመዳፏ ትዳብሰው ጀመር። ያ መዳፍ ልጅ ሳለ የኔን የቀሚስ ጫፍ ካልጨበጠ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። አሁን የሰው ስፌት ይዳብሳል። «ጥሩ ነው» ብዬ ከክፍሉ ወጣሁ፤ የቀረበልኝን ምሳም እንደ ነገሩ ቀማምሼ ቤቴ ገባሁ።

እንግዲህ የኔንም ነገር ልናገር። እናቴና አባቴ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ እኔ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ነው የመጣሁት። ከእኛ ጋር የመጣ ዕቃ ቢኖር አንድ ድሪቶ ነው፤ ቁራጭ በቁራጭ ላይ እየተጣፈበት የመጀመሪያው ጨርቅ የቱ እንደነበረ እናቴ ራሷ የማታውቀው ድሪቶ። እኔና ወንድሞቼ ሁሉ በሱ ስር አድገናል። ለእኛ ቤት ድሪቶ የብርድ ልብስ ስም አይደለም፣ የችግር ስም ነው። ልጅ ሳለሁ «ድሪቶ ለባሽ» ብሎ የሰደበኝን አንድ የሰፈር ልጅ በድንጋይ ፈንክቼ አባቴ ሽማግሌ ይዞ ይቅርታ ጠይቋል። ራሴን ችዬ ቤት ስይዝ ከአሮጌ ጨርቅ የተሠራ ነገር በደጄ አያልፍም ብዬ ማልኩ። ብርድ ልብሶቼ ሁሉ የሱቅ ናቸው፤ ነብር ያለባቸው፣ ጽጌረዳ ያለባቸው።

የልጄ አማት እዚያው ከልጄ ቤት አጠገብ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ ረዘም ያለች፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። አማርኛን ያወቀችው ካደገች በኋላ ስለሆነ ለሁሉም «አንተ» ትላለች፤ ለልጄም፣ ለኔም፣ ለፍየሏም። እኔ ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ። በሆዴ ግን «አንቺ» ነበረች።

ልጄ አረገዘች። በእኛ ልማድ የመጀመሪያ ልጅ ሲመጣ ሴት ልጅ እናቷ ቤት ገብታ ነው የምትታረሰው። ስለዚህ አራሷ በኔ አልጋ፣ ገንፎው በኔ እጅ፣ እልልታውም በኔ ደጅ ነው፤ እዚህ ላይ ማንም አይከራከረኝም። አንድ ቀን ግን ልጄ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦ በባሏ ቤት ለመጀመሪያ የልጅ ልጅ ትንሽ ልሓፍ ይሰፋለታል። ልጁ ከጤና ጣቢያ ሲወጣ የሚጠቀለለው በሱ ነው፤ ራሱን ችሎ እስኪሄድም ሌላ ነገር አይደረብበትም። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ በርቶ ነበር፤ ያቃጠለኝም እሱ ነው። እንግዲያው የኔ የልጅ ልጅ በኔ ቤት፣ በኔ አልጋ ላይ፣ በዚያች ሴት ሰሊጥ ተጠቅልሎ ሊተኛ ነው ማለት ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

«የልጁን ልሓፍ እኔ እሰፋዋለሁ» አልኳት።

ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እማ፣ አንቺ እኮ የወለቀ ቁልፍ እንኳ ልብስ ሰፊ ጋ ነው የምትወስጂው።» ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ «እስቲ እሷ ጋ ሂጂና እዪ፤ መስፋት ጀምራለች» አለችኝ። እዪ ማለቷ እኮ ነው ያናደደኝ። እኔ ሰፊ ልሁን ስል እሷ ተመልካች ታደርገኛለች።

ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ። ካልጠፋ ቦታ እዚያው መደቤ ላይ ተቀምጬ፣ ደንበኛ ሲመጣ እየመዘንኩ፣ ሲሄድ እየሰፋሁ ሥራውን ጀመርኩት። ጨርቁን ከሱቅ አዲስ ገዛሁ፤ የሚያብረቀርቅ፣ ጠንካራ፣ ገና የሱቅ ሽታው ያልለቀቀው። ለመርፌ ደግሞ የበርበሬ ማዳበሪያ የምሰፋበት ትልቁ መርፌ አለኝ፤ መርፌ መርፌ ነው ብዬ። ሙቀጫ የለመደ እጅ መርፌን እንደ ዘነዘና ይጨብጣል። ስወጋው ጨርቁ ይንሸራተታል፣ ስስበው ይጨማደዳል፣ ጥጡም ወደ አንድ ጥግ ተሰብስቦ እንደ እባጭ ያብጣል። ስፌቱ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ወደ ጎን የተጋደመ ነው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይነሳና እንደ ሰካራም መንገድ ስቶ ይቀራል። ቢሆንም ጨረስኩት። አጥፌ፣ በፌስታል ከትቼ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ልጄ ቤት ሄድኩ።

አማቷም እዚያው ነበረች። ልጄ ከፌስታሉ አውጥታ ዘረጋችውና ወደ ፊቷ አስጠጋችው፤ እናቶች የሕፃን ልብስ ሁሉ ያሸታሉ። አንድ ጊዜ አስነጠሳት። ደገማት። ከዚያ ማቆሚያ አጣች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ አፍንጫዋ ቀላ። አማቷ ልትረዳት ብላ ጨርቁን ነጠቀቻት፣ እሷም ያዛት። ስሰፋ በከረምኩባቸው ቀናት የመደቡ በርበሬ እየቦነነ ጥጡ ውስጥ ገብቶ ኖሯል።

«ሸጣ!» አለች አማቷ ዓይኗን እየጠረገች፤ በርበሬ ማለቷ ነው። «ይሄ ልጅ ይበላል ወይስ ይለብሳል?»

ልጄ እያስነጠሰች ሳቀች። ሁለቱ አንዷ በሌላዋ ትከሻ ላይ ተደግፈው፣ እንባቸው እየወረደ፣ ሲስቁ አየኋቸው። እናትና ልጅ ይመስሉ ነበር። ያ ነው ከበርበሬው ይልቅ ዓይኔን ያቃጠለው። ብርድ ልብሱን መልሼ ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩ፤ እቤት ስደርስ ለድመቷ አነጠፍኩላት፣ እሷም አልተኛችበትም።

ከዚያ በኋላ በእልህ ተነሳሁ። የዚያችን ሴት እጅ ምስጢር ሳላውቅ አልተኛም አልኩ። ልማር ብዬ መጠየቅማ አይሞከርም፤ ሰው የሚቀናባትን ሴት አስተምሪኝ ይላል? ስለዚህ ሰላም ልበላቸው፣ ልጄን ልያት፣ ማንጎ አመጣሁላችሁ እያልኩ መመላለስ ያዝኩ። በአሶሳ ማንጎ ይዞ ሰው ቤት መሄድ ወንዝ ዳር ላለ ሰው ውኃ እንደ መውሰድ ነው፤ ግቢዋ ውስጥ ራሱ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። እሷ ግን ሁልጊዜ ተቀብላኝ «ሹክራን ያ ኡኽቲ» ትለኛለች፤ እህቴ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። እህት ስትለኝ ይብሳል።

የምትሰፋው ማንጎው ስር ነው። አራት ቀርከሃ በአራት ማዕዘን ታስሮ፣ በዝቅተኛ በርጩማዎች ላይ ተቀምጦ፣ የልጁ ልሓፍ በመካከሉ ተወጥሮበታል። እሷ በአንደኛው ጎን ምንጣፍ ላይ ትቀመጣለች። በማዶ ሌላ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ሰው ግን የለበትም። በዚያ ባዶ ጎን፣ በጨርቁ ጠርዝ ላይ፣ ክር የገባላትና የተቋጠረች አንዲት መርፌ ተሰክታለች።

ይህችን መርፌ በመጀመሪያው ቀን ነው ያየኋት። ስመለስም አለች። ምንጣፉም እንደ ተነጠፈ ነው፤ ቅጠል ከወደቀበት አማቷ ተነስታ ታራግፈዋለች። የማን ቦታ ነው? ማን ነው እንዲህ የሚከበረው? አሰብኩ አሰብኩና ደረስኩበት፤ ልጄ ናት። እኔ ገበያ ስውል ልጄ ከሥራዋ ተመልሳ እዚያ ምንጣፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ፊት ለፊት ሆነው እየሰፉ ይጫወታሉ፣ እኔ ስመጣ ደግሞ እንዳይከፋኝ ይደብቁኛል። የእኔ ልጅ ከእኔ መርፌ መያዝ አልተማረችም፤ ከሷ ተማረች። ይህን ካሰብኩ በኋላ ያቺን መርፌ ባየሁ ቁጥር ሆዴን የምትወጋኝ ይመስለኝ ነበር።

ቢሆንም ዓይኔ ሥራውን አልተወም። በሄድኩ ቁጥር አንድ ነገር ሰርቄ እመጣለሁ። መጀመሪያ ያየሁት መርፌዋን ነው፤ አጭርና ቀጭን ናት፣ በሁለት ጣት መካከል የምትጠፋ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ክሩን መርፌ ውስጥ ከማስገባቷ በፊት በማር ሰም ላይ ስታሸው አየሁ፤ ሰም የጠጣ ክር አይጠማዘዝም፣ አይቋጠርም። መስመሩን የምታሰምረው በቀጭን የቀርከሃ ስንጣሪ ላይ የሳሙና ቁራጭ እያስኬደች ነው። ድርቡ እንዳይንሸራተት ደግሞ ለጊዜው በረጃጅም ነጭ ክር ወዲህና ወዲያ ይዛዋለች፤ ስፌቱ ሲያልቅ ይመዘዛል። እኔ እንግዲህ ይህን ሁሉ ዘልዬ ነበር ወደ መውጋት የገባሁት።

ዋናው ነገር ግን እጇ ነው። ቀኝ እጇ መርፌውን አይወጋም፤ ያወዛውዘዋል። መርፌው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጫፉ ብቻ ይነክሳል፣ ይጋደማል፣ ብቅ ይላል፣ እንደገና ይቆማል። ክሩን ለእያንዳንዱ ስፌት አትስብም፤ መርፌው ላይ ጥቂት ስፌት ከሰበሰበች በኋላ ነው አንድ ላይ የምትስበው። ግራ እጇ የት እንዳለ ለማየት ግን ነጠላዬ ወደቀብኝ ብዬ ማጎንበስ ነበረብኝ። ከጨርቁ ስር ነው። አንዷ ጣት የመርፌውን ጫፍ እየጠበቀች፣ ሲነካት ወደ ላይ ትመልሰዋለች። ያቺ ጣት ጫፏ እንደ ተረከዝ ጠንክሯል። ስትሰፋ አንዳንዴ ለራሷ «ሸዋያ ሸዋያ» ትላለች፤ ቀስ ቀስ ማለት ነው። ዘፈን መስሎኝ ነበር።

ቤቴ ገብቼ በአዲሱ ጨርቅ ትራፊ ስሞክረው እምቢ አለ። ያ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ አጭሯን መርፌ አያስገባም። የሷ ጨርቅ እንዴት እሺ ይላል ብዬ ሳስብ ትዝ አለኝ፤ በፍሬሟ ላይ ያለው የሟቹ ባሏ ጀለቢያና እሷ ሰውነቷ ላይ ትጠመጥመው የነበረ አሮጌ ቶብ ነው። ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ፣ እጅ የለመደ። እንግዲህ የማልኩት መሐላ እዚህ ላይ ተፈተነ። ሳጥኔን ከፍቼ ለድሀ ልሰጠው ያስቀመጥኩትን የጥጥ ቀሚሴን አወጣሁ። መቀስ ሳስገባበት የሰደበኝ ልጅ ከኋላዬ የቆመ መሰለኝ። ጨርቁ ግን መርፌዋን እንደ ቅቤ ተቀበላት።

እጄን በሎሚና በሳሙና ፈትጌ፣ የገበያ ልብሴን ደጅ አውልቄ፣ በየቀኑ ከሥራ መልስ በረንዳዬ ላይ እቀመጥ ነበር። መጀመሪያ ላይ ስፌቴን ለማሳነስ ስታገል ምንም አልሆነልኝም፤ አንዱ ሲያንስ ሌላው ያድጋል። ኋላ ነው የገባኝ፤ መጀመሪያ ይተካከል፣ ይነስ ማለቱ ኋላ ይደርሳል። ትልቅም ቢሆን እኩል የሆነ ስፌት ዓይን አያስቀይምም። ታችኛዋ ጣቴ እየተወጋች ደማች፣ ቆሰለች፣ ቀስ በቀስም ጠነከረች። ስፈታ፣ ስሰፋ፣ ስፈታ፣ አንድ ቀን ቀና ብዬ ሳየው ቀጥ ያለ መስመር ከፊቴ አገኘሁ። ሰሊጥ አይደለም፤ ምስር ቢባል ነው። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል አልኩና ብቻዬን እልል ማለት ቃጣኝ።

የልጄ ወር ሲገፋ ትራስ የምታህል ሥራዬን ይዤ ወደ አማቷ ሄድኩ። ለማስተያየት አልነበረም፤ ለማሳየት ነው። ከቻልኩም ለማስቀናት። ልጄ ማንጎው ስር ከአማቷ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ማዶ ያለው ምንጣፍ እንደ ወትሮው ባዶ ነው፣ መርፌዋም ቦታዋ ላይ ናት። ሥራዬን ሰጠኋት።

አማቷ ፊቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ዓይኗ ላይ ቅናት ሲያልፍ ያየሁ መሰለኝ። ከዚያ ገለበጠችው። ገልብጦ ማየት እኔ አስቤውም አላውቅ። ጀርባው ላይ ስፌቱ እዚህ አለ፣ እዚያ የለም፤ መርፌዬ ብዙ ቦታ ጥጡን ይዛ ተመልሳለች እንጂ ወደ ታችኛው ጨርቅ አልደረሰችም።

«ፊት ሰላም ይላል» አለች። «ጀርባ ዝም ይላል።»

ተሳድባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ደሜ ፈላ። ሥራዬን ከእጇ ቀበል አድርጌ፣ በጣቴ ወደዚያ ባዶ ምንጣፍ እየጠቆምኩ የታመቀውን ሁሉ ዘረገፍኩት። «እዚያ ለምትቀመጠዋማ ጀርባውን አስተምረዋታል! ልጄን ወሰዳችሁ፣ ዝም አልኩ። በሳቅ ወሰዳችሁ፣ በብርድ ልብስ ወሰዳችሁ፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ የልጅ ልጄን ሳይወለድ ልትወስዱ! እኔ ምን ልሁን? ገንፎ አገንፊ?»

አማቷ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ አየችኝ። ልጄ አፏን በእጇ ይዛ «እማ» አለች። «እማ፣ ያ ቦታ እኮ ያንቺ ነው።»

«የማን?»

«ያንቺ። ልሓፉን ሁለቱ አያቶች ናቸው ከሁለት ወገን የሚሰፉት። እየሰፉ እየሰፉ መሐል ላይ ይገናኛሉ። እሷ የሷን ጎን ብቻ ነው የምትሰፋው።»

«ታዲያ ማን ቁጭ በይ አለኝ?»

«አይባልማ! ለልጅ በሚሰፋ ላይ ሰው አይጠራም። ተጠርቶ የመጣ እጅ የግድ እጅ ነው ይላሉ። አያትየዋ ራሷ መጥታ መርፌዋን ማንሳት አለባት። እኔም ልነግርሽ አይፈቀድልኝም ነበር፤ ሂጂ እያት ያልኩሽ ምን ብዬ ነው?»

እኛ ወሎዎች ደግሞ ሳንለመን የሰው ዕቃ አንነካም። ቁጭ በይ ተብለን፣ አይ ይቅርብኝ ብለን፣ በአላህ ተብለን፣ ከዚያ ነው የምንቀመጠው። ያለዚያ እናቴ ትፈጠፍጠኝ ነበር። እኔ እስክትለምነኝ ስጠብቅ፣ እሷ እስክቀመጥ ስትጠብቅ እርግዝናው ሊያልቅ ነው።

«አንተ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል» አለች አማቷ። «ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። እኔ ይጠብቃል። አንተ እጅ እንዲያይ ሸዋያ ሸዋያ ይሰፋል።»

ያን ሁሉ ጊዜ ያንገበገበችኝ መርፌ ባለቤቷ እኔው ነበርኩ። ዞሬ ወደ ማዶ ሄድኩ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ መርፌዋን ነቀልኳት።

ቅናቴ ግን በዚህ የለቀቀኝ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ባሰብኝ። እስከዚያ ድረስ ስፌቴን በረንዳዬ ላይ ከራሱ ጋር ነበር የማስተያየው፤ አሁን በአንድ ጨርቅ ላይ፣ ከማዶ ሰሊጥ፣ ከወዲህ ምስር ተፋጠጡ። እሷ ቀና ሳትል አንድ መስመር ትጨርሳለች፣ እኔ ጀርባው መልስ እንዲሰጥ ጣቴን እያስወጋሁ ግማሽ አልደርስም። ዘግይቼ ስለጀመርኩም የኔ ወገን ገና ባዶ ነው። አንድ ነገር ግን ከራሴ ጨመርኩበት፤ የሟች እናቴን ነጠላ ጥለት ቆርጬ በኔ ጠርዝ ላይ ጣፍኩት። የልጄ ልጅ የእናቴም ዘር ነውና በሱ ይታወቅ ብዬ። አማቷ አይታ «ጥሩ» አለች። ድሪቶ ነው አላለችም። እኔም አላልኩም።

መሐሉ ሳይገናኝ ልጄን ምጥ ያዛት። ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ከጤና ጣቢያ ልትወጣ ስትል ልሓፉን ከቀርከሃው ፈትተው አመጡት፤ የሷ ጎን ያለቀለት፣ የኔ ጎን ግን በረጃጅሞቹ ነጭ ክሮች ብቻ የተያዘ ሰፊ ባዶ ያለበት ነበር። አፈርኩ። «እባክዎ እርስዎ ይጨርሱት፤ ይፈጥናሉ» አልኳት፣ ያን ቃል ማውጣት ምን ያህል እንደከበደኝ አላህ ያውቃል። እሷ እጇን ወደ ኋላ አደረገች። «የአንተ ነው። እኔ አይነካም።» የልጅ ልጄ ባላለቀ ልሓፍ ተጠቅልላ እኔ ቤት ገባች።

አራሷ ቤት ውስጥ ፍሬም የሚዘረጋበት ቦታ የለም፤ ልሓፉም ከልጅቷ ላይ አይወርድም። ስለዚህ ልጅቷ ልትታጠብ ስትገለጥ ነው የምሰፋው። አማቷ በየጠዋቱ በባጃጅ መጥታ ውኃውን ታለዝባለች፣ ልጄ ልጅቷን ታጥባለች፣ እኔ ጨርቁን ጭኔ ላይ ዘርግቼ አንድ መስመር እሮጥበታለሁ። ልጅቷ ስታለቅስ ልጄ «ቶሎ በይ እማ» ትለኛለች። በጥድፊያ የተሰፋ ስፌት ምን ሊሆን ይችላል? የጥለቱ አካባቢማ እንደ መጀመሪያዬ ነው፤ ወፍራም፣ ያበጠ፣ ከመስመር የወጣ። ቢሆንም መሐል ላይ ተገናኘን። የሷ መስመርና የኔ መስመር የሚገጥሙበት ቦታ ላይ ያለውን እጥፋት ያየ ሰው ወዲያው ይለየዋል።

ልጅቷ አሁን ትሮጣለች። ልሓፉን ግን አልተወችም፤ ስትተኛ ይዛው ነው። የሷ አያያዝ እንደ እናቷ ነው፤ አንድ ነገር ካልጨበጠች አትተኛም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለታችን በተገኘንበት ልጄ አስተኛቻት። አማቷ ልሓፉን ስትደርብላት የሷን ወገን ወደ ልጅቷ ፊት አደረገች። ልጅቷ በእንቅልፍ ልቧ ዳሰሰችው። ሰሊጡ ለስላሳ ነው፣ ለጣት አይያዝም። ተነጫነጨች፤ ጨርቁን እየጎተተች፣ እየገለበጠች የእናቴ ጥለት ዘንድ ደረሰች፣ ከዚያ ያንን ያበጠ ስፌቴን በጥፍሯ ይዛ ጭልጥ አለች።

አማቷ ቁልቁል ብዙ አየቻት። «ወላሂ፣ እኔ ቀንቷል» አለች።

ያን ሁሉ ጊዜ እኔ በሆዴ ይዤው የከረምኩትን ቃል እንደ ዋዛ አለችው። ላጽናናት ይገባ ነበር። አላጽናናኋትም። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ፤ እንዲያውም የልጅቷ እጅ እንዳይንሸራተት ጨርቁን ሳብ አድርጌ አስተካከልኩላት።

አሁን ልጄ ሁለተኛ ልጇን አርግዛለች። በቤታቸው ለመጀመሪያው ብቻ ነበር የሚሰፋው፤ እኔና አማቷ ግን ሳንነጋገር ቀርከሃውን አወጣን። ማንጎው ስር ነን፤ እሷ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ። የኔ ስፌት ዛሬ ጀርባውም መልስ ይሰጣል፤ አንሷል፣ ተካክሏል፣ ሰሊጥ ሆኗል ብል ማንም አያስተባብለኝም። ይህን እንድታይልኝ ቀና ብዬ ወደ ማዶ አየሁ። እሷ አቀርቅራ ትሰፋለች። ስፌቷ ግን ትልልቅ ነው። ወፍራም፣ ያበጠ፣ እዚህም እዚያም የተዛነፈ፤ ልክ እንደ ጀማሪ።

«ምነው እጅዎን አመመዎት?» አልኳት ደንግጬ።

«እጅ ደህና ነው» አለች ቀና ሳትል። «ይሄኛው ልጅ የኔን ይይዛል።»

ደሜ ፈላ። መቀሴን አነሳሁ፣ የሰፋሁትን ሰሊጥ ሁሉ ፈታሁና በትልልቁ እንደገና ጀመርኩ።